የእሑድ ንጋት ፍልሚያና የተመልካቹ ልብ



ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምእመናን በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ፣ በምዕራፍ 9 ከቁጥር 24 እስከ 27፣ ስለ ሯጭና ስለ ቡጢኛ ይናገራል። ቆሮንቶስ በየሁለት ዓመቱ ታላቅ የስፖርት ውድድር ከሚካሄድበት ከኢስምያ አጠገብ የነበረች ከተማ ስለ ሆነች፣ መልእክቱን የተቀበሉት ምእመናን ሯጩንም ቡጢኛውንም በዐይናቸው ያዩ፣ ምናልባትም ለአንዱ ወግነው የጮኹ ሰዎች ነበሩ። ሐዋርያው ይህን እያወቀ ምሳሌውን ከዚያው ከሜዳው ወሰደ። እርሱ ግን ቡጢውን የሚሰነዝረው በባዶ አየር ላይ ወይም በሌላ ሰው ፊት ላይ ሳይሆን በገዛ ሥጋው ምኞት ላይ መሆኑን ይነግራቸዋል፤ ለሌሎች ከሰበከ በኋላ ራሱ ከውድድሩ ውጭ ሆኖ እንዳይገኝ ይሰጋልና።

ይህን ክፍል እንድናነሣ ያደረገን በፎገራ በኩል ካሉ ጥቂት ቤተሰቦቻችን ጋር የሚደክም አንድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ያቀረበልን ጥያቄ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የተጓዘ ሁሉ ወረታን ያውቃታል። 60 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ የሩዝ መፈልፈያዎችዋ ይቀበሉታል፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚወስደውም መንገድ ከዚያው ይገነጠላል። በስተ ምዕራብ በኩል የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የሚያጥለቀልቁት ሜዳ እስከ ጣና ሐይቅ ተዘርግቷል። መምህሩ እንደ ነገረን፣ የአካባቢው ወጣቶች፣ ኦርቶዶክሱም እስላሙም የእኛም ልጆች ሳይለያዩ፣ ቅይጥ ማርሻል አርት የተባለውን ፍልሚያ መመልከት ወድደዋል። የተፋላሚዎቹን ስም፣ ክብደት፣ ስንት ጊዜ በዝረራ እንዳሸነፉ በቃል ያውቃሉ፤ ፎቶግራፋቸውንም በስልካቸው ላይ ያኖራሉ። በአሜሪካ ቅዳሜ ማታ የሚካሄደው ዋና ፍልሚያ በእኛ አገር አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ከእሑድ ሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ላይ ይውላል። ይህም ካህኑ ቅዳሴ የሚገባበት ሰዓት ነው።

መምህሩ ሊከለክላቸው ቢነሣ አንዱ ልጅ እንዲህ ሲል ጠየቀው፦ «መምህር፣ ዳዊት ጎልያድን የጣለበትን ታሪክ ያነበቡልን እርስዎ ነዎት፤ ይህ ታዲያ ከዚያ በምን ይለያል?» መምህሩ መልስ ስላጣ ጥያቄውን ወደ እኛ አስተላለፈው። የልጁ ጥያቄ ከብዙ ትልልቅ ሰዎች ጥያቄ የተሻለ ስለ ሆነ በቁም ነገር ልንመልሰው ይገባናል።

ለማያውቁት አንባቢዎቻችን ነገሩን በአጭሩ እናስረዳ። ቅይጥ ማርሻል አርት ቡጢን፣ እርግጫን፣ ትግልንና እንደ ጁዶ ጠምዝዞና አንቆ መያዝን በአንድነት የሚፈቅድ ፍልሚያ ነው። ከሁሉ የታወቀው አዘጋጅ ዩኤፍሲ የተባለው ድርጅት ሲሆን፣ ተፋላሚዎቹ በሽቦ አጥር በተከለለ ስምንት ማዕዘን ባለው መድረክ ላይ ይገናኛሉ። እያንዳንዱ ዙር 5 ደቂቃ ነው፤ ተራው ግጥሚያ 3 ዙር፣ የሻምፒዮናው 5 ዙር ይሆናል። አንዱ በዝረራ ወይም በዳኞች ነጥብ ያሸንፋል፤ ወይም የተያዘው ሰው በእጁ መታ መታ አድርጎ መሸነፉን ያምናል። የድርጅቱ የመጀመሪያ ውድድር በዴንቨር ከተማ ኖቬምበር 12 ቀን 1993 እ.ኤ.አ. ሲካሄድ፣ ንክሻና ዐይን መጎርጎር ከመከልከሉ በቀር ሕግ ነበረው ለማለት ያስቸግራል። የዛሬው የክብደት መደብና ዝርዝር ደንብ ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተደላደለ ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ ከሥሩ አዲስ አይደለም፤ የጥንት ግሪኮች ቡጢንና ትግልን የሚያቀላቅል «ፓንክራትዮን» የሚባል ውድድር ከ648 ዓመት ቅድመ ክርስቶስ ጀምሮ በኦሊምፒያ ያካሂዱ ነበር። አራኪዮን የተባለ አንድ ተፋላሚ ነፍሱ ስትወጣ ባላጋራው በሕመም ተሸንፎ እጅ ስለ ሰጠ፣ አክሊሉ ለሬሳው እንደ ተሰጠ ታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ቅዱስ ጳውሎስ ስለሚጠፋው አክሊል ሲናገር አንባቢዎቹ ምን እንደሚታያቸው ከዚህ መገመት ይቻላል።

አሁን ወደ ፍርዱ ከመሄዳችን በፊት ወጣቶቹ በዚህ ነገር ውስጥ ምን እንደሚወድዱ በቅንነት እንይ። ትግል በፎገራ ሜዳ እንግዳ አይደለም። እረኛ ሆኖ ያደገ ሁሉ ከባልንጀራው ጋር ተናንቋል፤ የፎገራ ኮርማዎች ሲዋጉ ቆሞ አይቷል፤ አንዳንዴም ራሱ አዋግቶ ከአባቱ ዱላ ቀምሷል። በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ በእኩል ሜዳ ይጋፋሉ። በነሐሴ ወር የደብረ ታቦር በዓል ሲደርስ ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ፤ በአንዳንድ ስፍራም ጎረምሶች በጅራፍ ተጋርፈው ማን እንደሚጸና ይተያያሉ። አባቶቻችን ይህን ሁሉ ሲያዩ ኖረዋል፤ ልክ ሲያልፍ ገሠጹ እንጂ ጨዋታውን አላጠፉም። ጉልበት ከእግዚአብሔር የተሰጠ በጎ ነገር ነው። ያዕቆብ በያቦቅ መሻገሪያ ሌሊቱን ሙሉ ታግሎ አንካሳም ቡሩክም ሆኖ ማደሩን ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 32 ይነግረናል።

በዚያ በ1993ቱ ውድድር ያሸነፈው ሮይስ ግሬሲ የተባለው ብራዚላዊ ከተጋጠሙት ሰዎች ይልቅ ቀጭን ነበር፤ ጉልበተኞቹን የጣላቸው በዘዴና በትዕግሥት ነው። ደካማው ብርቱውን ሲጥል ማየት የማይወድድ ድሃ ልጅ የት ይገኛል? ተፋላሚው ለወራት ከመጠጥ ይርቃል፤ ምግቡን ይመጥናል፤ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ይሮጣል። (በጾም ወራት ከዚህ ግማሹን እንኳ የማናደርግ ብዙዎች ነን።) የተያዘው ሰው መታ መታ ካደረገ ደግሞ ሌላው ወዲያው ይለቅቀዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ተቃቅፈው ይለያያሉ።

ከተፋላሚዎቹም ሁሉ አፍሪካዊ ወጣቶች አብዝተው ከሚወድዷቸው አንዱ ፍራንሲስ ንጋኑ ነው። ይህ ሰው በካሜሩን ባቲዬ በምትባል ስፍራ በድህነት ተወልዶ ገና ልጅ ሳለ በአሸዋ ማውጫ ጉድጓድ አካፋ ይዞ ሠርቷል። በ2012 እ.ኤ.አ. አገሩን ለቅቆ በሰሐራ በረሃ በኩል ሞሮኮ ደረሰ፤ በቀጣዩ ዓመት በጀልባ ወደ ስፔን ተሻግሮ ታሰረ፤ ከዚያም በፓሪስ መጠለያ አጥቶ በመኪና ማቆሚያ ውስጥ አደረ። በማርች ወር 2021 እ.ኤ.አ. ስቲፔ ሚዮቺችን በዝረራ አሸንፎ የዩኤፍሲ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። ከርብ ወንዝ አሸዋ አውጥቶ ለግንባታ የሚሸጥ ልጅ ይህን ታሪክ ሲሰማ የራሱን ታሪክ ይሰማል። እንዲህ ያለውን ፍቅር ከንቱ ነው ብለን ብንንቀው ልጁን መናቃችን ነው።

ነገር ግን ለዚያው ልጅ ሙሉውን መንገድ ልንነግረው ይገባል። ከእኛም አካባቢ በመተማ አድርጎ ወደ ሱዳንና ወደ ሊቢያ የሚወስደውን መንገድ የያዙ ወንድሞች አሉ። በኤፕሪል ወር 2015 እ.ኤ.አ. በሊቢያ የተሠዉትን ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ደም ማን ይረሳል? በረሃውን ካቋረጡትና ባሕሩን ከተሻገሩት መካከል ሻምፒዮን የሆነውን አንዱን ስልኩ ያሳየናል፤ የቀሩትን አያሳየንም። ንጋኑም ራሱ ቡጢው ያልመከተው መከራ ደርሶበታል። በኤፕሪል ወር 2024 እ.ኤ.አ. የ15 ወር ልጁ ኮቤ ሞተ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር በሪያድ ሲያሸንፍ ድሉን ለልጁ መታሰቢያ አድርጎ አለቀሰ። ወጣቶቻችን ስለ እርሱ ሲያወሩ ይህን ሰዓት ቢጨምሩበት ሰውየውን ይበልጥ ያውቁታል።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በዚህ ጉዳይ ምን ይላል? የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2289 ሥጋን ማክበር እንደሚገባ አስተምሮ፣ ሥጋን ማምለክንና ለሰውነት ቅርጽና ለስፖርት ድል ሁሉን መሠዋትን ይነቅፋል። በሮም የምእመናን፣ የቤተሰብና የሕይወት ጽሕፈት ቤት ጁን 1 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ስለ ስፖርት ባወጣው ሰነድ፣ ስፖርትን እያወደሰ፣ በሰው አካል ላይ ከባድ ጉዳት ማድረሱ የማይቀር የስፖርት ዓይነት በግብረ ገብ ሚዛን ተቀባይነት እንደሌለው ገልጿል። ከዚያም አስቀድሞ በ2005 እ.ኤ.አ. በሮም የሚታተመው የኢየሱሳውያን መጽሔት «ላ ቺቪልታ ካቶሊካ» ለገንዘብ የሚደረገውን ቡጢ አጥብቆ ነቅፎታል። እነዚህ ጽሑፎች ቅይጥ ማርሻል አርትን በስሙ ጠርተው አልከለከሉትም። ነገር ግን ፍልሚያው የባላጋራን ራስ ደጋግሞ በመምታት አእምሮውን እስኪስት ማድረስን የድል መንገድ ሲያደርገው፣ በትግልና በመያዝ ብቻ ከሚጠናቀቀው ግጥሚያ ጋር በአንድ ሚዛን ሊቀመጥ አይችልም። በኤፕሪል ወር 2016 እ.ኤ.አ. ጆአዎ ካርቫልዮ የተባለ የ28 ዓመት ፖርቱጋላዊ በደብሊን ከተፋለመ በኋላ በሁለተኛው ቀን በራስ ጉዳት ሞቷል። ሕግ ነበረ፤ ዳኛም ነበረ። እንግዲህ ልጆቻችን ጉልበታቸውን በትግል፣ በጁዶ ወይም በቴኳንዶ ቢያሠለጥኑ ደስ ይለናል፤ ሰሎሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያ በቴኳንዶ መወዳደሩም ደስ አሰኝቶናል። ራስን ለማስመታት መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ከፎገራ ወጣቶች ምናልባት አንድም በዚያ አጥር ውስጥ አይገባም። የእነርሱ ድርሻ መመልከት ነው፤ የመምህሩም ጥያቄ ስለ ተመልካቹ ነበር።

ቅዱስ አውግስጢኖስ በ«ኑዛዜ» መጽሐፉ ስድስተኛ ክፍል ስለ ወዳጁ ስለ አሊጲዮስ ይተርካል። አሊጲዮስ ሕግ ሊማር ወደ ሮም በሄደ ጊዜ በመድረክ ላይ ሰዎች እስከ ሞት የሚፋለሙበትን ትርኢት ይጸየፍ ነበር። አንድ ቀን ከምሳ የሚመለሱ ባልንጀሮቹ አገኙትና በወዳጅነት ጉልበት እየጎተቱ ወሰዱት። እርሱም ሥጋዬን ብታስቀምጡት ልቤን ግን አታገኙትም በሚል መንፈስ ገብቶ ተቀመጠና ዐይኑን ጨፈነ። ጆሮውን ግን አልደፈነም። ከተፋላሚዎቹ አንዱ ሲወድቅ ከሕዝቡ ታላቅ ጩኸት ተነሣ፤ አሊጲዮስም የማየት ጉጉት አሸንፎት ዐይኑን ገለጠ። አውግስጢኖስ እንደሚለው በዚያች ቅጽበት ወዳጁ በነፍሱ ላይ የደረሰበት ቁስል ተፋላሚው በሥጋው ከደረሰበት የከፋ ነበር። ደሙን እንዳየ ጭካኔን እንደ መጠጥ ጠጣ፤ ዐይኑንም አልመለሰም። ከዚያ ሲወጣ የገባው ሰው አልነበረም፤ ከሕዝቡ ጋር አንድ ሆኖ ወጣ፤ በሌላ ቀንም ተመለሰ፤ ሌሎችንም እየጎተተ አመጣ።

ወንድሞች ሆይ፣ ይህ ታሪክ ከተጻፈ 1600 ዓመት አልፎታል፤ ነገር ግን ዐሥር ጎረምሶች በአንድ ስልክ ዙሪያ ተኮልኩለው አንዱ በክርን ተመትቶ ሲወድቅ በአንድ ድምፅ «ኦው!» የሚሉበትን ሰዓት ያየ ሰው አሊጲዮስን ያውቀዋል። አስተውሉ፤ አሊጲዮስን ያሸነፈው በመጀመሪያ የደሙ መታየት አልነበረም፤ የሰዎቹ ጩኸት ነበር። ብቻውን ቢሆን ኖሮ ዐይኑን አይገልጥም ነበር ይሆናል።

ሌላም ታሪክ አለ። የታሪክ ጸሐፊው ቴዎዶሬጦስ እንደሚተርከው፣ በንጉሥ ሆኖርዮስ ዘመን ቴሌማኮስ የተባለ አንድ መነኩሴ ከምሥራቅ ወደ ሮም መጥቶ ወደ ፍልሚያው ሜዳ ወረደና ሰዎቹ እንዳይጋደሉ ሊከለክል ሞከረ። በድንጋይ ወግረው ገደሉት። የገደሉት ግን ሰይፍ የያዙት ተፋላሚዎች አልነበሩም፤ ትርኢታቸው የተቋረጠባቸው ተመልካቾች ነበሩ። ንጉሡም ከዚህ በኋላ ያን ትርኢት ከለከለ ይላል።

ለልጁም ጥያቄ መልሱ እዚሁ ላይ ይገኛል። የዳዊትና የጎልያድ ታሪክ በጎልያድ መውደቅ አያበቃም። በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 18 እንደምናነበው፣ ሴቶቹ ከከተሞች ወጥተው የሳኦልን በሺህ፣ የዳዊትን በዐሥር ሺህ እየቆጠሩ ዘፈኑ። ይህ የደጋፊዎች ዘፈን ነበር። በዚያ ዘፈን ምክንያት በሳኦል ልብ ቅናት ገባ፤ በማግሥቱም ጦሩን በዳዊት ላይ ወረወረ። ፍልስጥኤማዊው ተሸንፎ ሳለ ዘፈኑ በአንድ ቤት ውስጥ ሌላ ጠብ ወለደ። ዳዊት ራሱ ግን ሲያሳድደው የኖረው ሳኦል መሞቱን በሰማ ጊዜ ልብሱን ቀድዶ አለቀሰ፤ ጾመም። ስለዚህ ለዚያ ልጅ እንዲህ በሉት፦ ልጄ፣ ልዩነቱን ፍለጋ ወደ ወንጭፉ አትሂድ፤ ጠላቱ ሲወድቅ ዳዊት ምን እንዳደረገ አንብብ።

ከዚህ ጋር በቅርቡ የሆነውን አንድ ነገር ማስታወስ ይጠቅማል። በኦክቶበር 6 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. በላስ ቬጋስ ካቢብ ኑርማጎሜዶቭ የተባለው ዳግስታናዊና ኮነር ማግሬገር የተባለው አየርላንዳዊ ተጋጠሙ። ከግጥሚያው በፊት ለወራት ማግሬገር የካቢብን አባት፣ አገሩንና ሃይማኖቱን ሲነካ ቆይቶ ነበር። ይህ ስድብ ትርኢቱን አሙቆ አሻሻጠው። (እዚህ ላይ የእኛን ፉከራ የሚያነሡ አሉ፤ ነገር ግን ፉካሪ የገዛ ሥራውንና የአባቶቹን ስም ይጠራል እንጂ የባላጋራውን አባት አያዋርድም፤ ቢያዋርድ ደም ነው።) ካቢብ በአራተኛው ዙር አንቆ አሸነፈ። ማግሬገር መሸነፉን አምኖ፣ ዳኛውም ፍልሚያውን አስቁሞ ሳለ፣ ካቢብ አጥሩን ዘሎ ወደ ባላጋራው ጓደኞች ተወረወረ፤ በአዳራሹም ድብድብ ተነሣ። ሁለቱም ኋላ በገንዘብና በእገዳ ተቀጡ፤ ካቢብ 500,000 ዶላር ከፍሎ ለ9 ወር ታግዷል። በሚልዮን የሚቆጠሩ ደጋፊዎቻቸው ግን ያ ሌሊት ካለፈ በኋላም ለዓመታት ሲሰዳደቡ ኖሩ። ተፋላሚው የሚያስቆመው ዳኛ አለው፤ ለደጋፊው ግን ማንም ደወል አይደውልለትም።

የዚያው የካቢብ ፍጻሜ ደግሞ ይህ ነው፦ አባቱና አሠልጣኙ በጁላይ 2020 እ.ኤ.አ. በኮሮና ሕመም ምክንያት ሞቱ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር አንድ ጊዜ ብቻ ተፋልሞ ካሸነፈ በኋላ፣ ያለ አባቱ እንዳይፋለም ለእናቱ ቃል መግባቱን ተናግሮ ጓንቱን በመድረኩ ላይ አስቀመጠ። አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ፣ ብዙ ገንዘብ እየቀረበለት፣ ለእናቱ በሰጠው ቃል ጸና። ልጆቻችን ከእርሱ ሊማሩ የሚገባቸው ይህን ነው፤ ሃይማኖቱ የእኛ ስላልሆነ ከመናገር አንከለከልም።

ስለ ደወሉ ያነሣነውን በከንቱ አላነሣነውም። በአገራችን ደም የሚባለውን ነገር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በድንበር፣ በውኃ ወይም በመጠጥ ቤት በወጣ ቃል የተነሣ ጠብ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ ጠቡ ሲጀመር ያልተወለደ ልጅ ይሞትበታል። ደም አድራቂ ሽማግሌዎች መስቀል ከያዙ ካህናት ጋር ሆነው በሁለቱ ወገኖች መካከል ሲመላለሱ፣ አስቸጋሪ የሚሆንባቸው ብዙ ጊዜ ገዳዩ ወይም የሟቹ ወንድም አይደለም። ዳር ቆሞ «ዝም ልትል ነው ወይ? የአባትህ ልጅ አይደለህም ወይ?» የሚለው ሰው ነው። እርሱ አይተኩስም፤ አይታሰርም፤ ካሣም አይከፍልም፤ ይመለከታል፤ ያጨበጭባል። ለባዕድ ተፋላሚ «ግደለው!» እያለ መጮህን የለመደ አንደበት በመንደር ጠብ ጊዜ ሌላ ቃል ከየት ያመጣል?

ደግሞም የምንኖርበትን ጊዜ እንመልከት። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው የትጥቅ ግጭት ኀዘን ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። አንዳንዶች ወጣቶቹ ፍልሚያ የሚወድዱት እውነተኛውን ፍርሃት ለመርሳት ነው ይላሉ። እንዲህም ሊሆን ይችላል፤ ሕግና ዳኛ ያለበት፣ በ25 ደቂቃ የሚያበቃና ተሸናፊው ተነሥቶ የሚሄድበት ጠብ ለተጨነቀ ልብ ዕረፍት መስሎ ይታያል። ስለዚህ በቁጣ አትቅረቧቸው። በግጥሚያው ላይ ገንዘብ አሲዞ ስለ መወራረድ ግን ብዙ ቃል አያስፈልገንም፤ የሩዝ አረም ታርሞ የተገኘ የቀን ሙያተኛ ዋጋ በሰው ደም ላይ አይጣልም።

የእኛም ቤተ ክርስቲያን ያከበረችው አንድ ተጋዳይ አለ። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 እ.ኤ.አ. በጎጃም ዲቦ በምትባል ስፍራ ተወለደ። በልጅነቱ አንድ ዐይኑን አጥቶ ነበር፤ ሆኖም እውነትን ፍለጋ በጎንደር ጉባኤ ቤቶች ተመላለሰ፤ እስከ ግብጽና እስከ ሮም ሄደ። ስለ እምነቱ ተገርፎ፣ በሰንሰለት ታስሮ፣ ከሠራዊት ጋር እየተጎተተ ሲንከራተት ቆይቶ ኦገስት 28 ቀን 1855 እ.ኤ.አ. በመንገድ ላይ ዐረፈ። በ1926 እ.ኤ.አ. ብፁዕ ተብሎ ታወጀ። የመቱትን አልመታም፤ መታ መታ አድርጎም ካመነበት እውነት አልወጣም። ይህን ስናነሣ የቆየ ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም፤ ዛሬ ከኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችን ጋር በአንድ ጓሮ እንኖራለን፤ በአንድ ወንፈል እናርማለን። ሰማዕቱን የእኛ ወገን ተፋላሚ አድርገን በሌሎች ላይ ብናጨበጭብለት እርሱ የሞተለትን ነገር ከእጃችን ጣልን ማለት ነው። በሰማዕታትም ላይ ቢሆን ደጋፊነት ልክ አለው።

ስለ አሊጲዮስም ያልጨረስነው ነገር አለ። እርሱ በዚያ መድረክ ጠፍቶ አልቀረም። በ387 እ.ኤ.አ. በትንሣኤ በዓል ሌሊት ከአውግስጢኖስ ጋር በሚላኖ በቅዱስ አምብሮስዮስ እጅ ተጠመቀ፤ ኋላም በትውልድ ከተማው በታጋስቴ ጳጳስ ሆነ። ባልንጀሮቹ ወደ መድረኩ ጎትተው እንደ ወሰዱት፣ ወደ ጥምቀቱም የሄደው ከባልንጀራው ጋር ነው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ እናንተም እንዲሁ ባልንጀሮች ሁኑላቸው። ስልካቸውን አትቀሟቸው። ስለ ሰዓቱ ግን አትለሳለሱ፤ ፍልሚያው ከቅዳሴ በኋላም ያው ፍልሚያ ነው፤ አሸናፊውም አይለወጥም። ቅዳሴው ሲያበቃ፣ ፈቃዳቸው ከሆነ፣ አንዱን ግጥሚያ አብራችኋቸው ተመልከቱ። ከዚያም የተዘረረውን ሰው ስም ጠይቋቸው። የአሸናፊውን ስም ሁሉም ያውቃል፤ የተሸናፊውን አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ያውቁታል። እናት እንዳለው፣ ልጅ እንዳለው፣ በማግሥቱ ሐኪም ቤት እንደ ሄደ ወይም እንዳልሄደ አብራችሁ ፈልጉ። በሚቀጥለው እሑድ በምልጃ ጸሎት ጊዜም ከልጆቹ አንዱ ያን ስም ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲጠራው ፍቀዱለት።